አምስተኛው ሙከራ

ዊትኮም፣ ሰሜን ዳኮታ
ሴፕቴምበር 8 ቀን 1986

ይድረስ ለአጎቴ ለሌላንድ፣

«ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ ቁልፍ እንደሌለው ካፖርት ነው፣ ብርድ ያስገባል» ትላለች እናቴ፤ ስለዚህ በሰላምታ ልጀምር። እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ወገብህስ? የምትነዳው ማጨጃስ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ደህና ያልሆነውም ደህና ነኝ ብሏል፣ የቤተሰባችንን ልማድ ታውቀዋለህ። ፓስተሩም ሰላም ብለውሃል። ስብከታቸው ላይ ሳንጎላጅ ይዘውኝ «ምን እያሰብሽ ነው ማሪት?» ቢሉኝ «ለሌላንድ የምጽፈውን ደብዳቤ» ብዬ ዋሸሁ። ደስ ብሏቸው አድራሻህን ከእናቴ ተቀብለው ፖስታው ላይ ራሳቸው ጽፈው ሰጡኝ። እንግዲህ ይህ ደብዳቤ ንስሐዬ ነው፤ አንተም አንብበህ አብረኸኝ ተቀጣ።

ካላስታወስከኝ የአጎትህ የሃልቮር የልጅ ልጅ ነኝ። ወደ አውስትራሊያ ስትሄድ ጥርሴ በሽቦ የታሰረ ዝምተኛ ልጅ ነበርኩ። ሽቦው ወጥቷል። ዝምታውም አብሮ ወጣ።

ወሬ ልንገርህ። ቅዳሜ የኮሌጃችን ቡድን፣ ዝይዎቹ፣ የዓመቱን የመጀመሪያ ጨዋታ አሸነፉ። ሜዳው ዳር ያንተን የመለኪያ ዘንግ የያዘው ማን እንደሆነ ገምት! አንተ ከሄድክ ወዲህ ሁለት ሰው ተፈትኖበታል። የጥርስ ሐኪሙ ልጅ አንድ ዓመት ይዞ «ከሦስት ወር ጨዋታ አንድ ቃል አልሰማሁም» ብሎ ወጣ። የብረታ ብረት መደብሩ ባለቤት ደግሞ አባትህ የተቆጡት መስሎት ወጣ። እንዳልተቆጡ ለማስረዳት መናገር ያስፈልግ ነበር፤ ማን ይናገር! ከዚያ ዓርብ ዕለት አያቴ ሃልቮር ድንች እየላጡ፣

«ነገ ሥራ አለሽ?» አሉኝ።

«የለኝም።»

«እንግዲያው አለሽ።»

በማግሥቱ ያንተን ካፖርት አለበሱኝ። እስከ ጉልበቴ ይደርሳል። ኪሱ ውስጥ ግማሽ ማስቲካ አገኘሁና በላሁት፤ ይቅርታ።

ረስተኸው እንደሆነ ሥራችንን ላስታውስህ። በአሜሪካ እግር ኳስ አንድ ቡድን አራት ሙከራ ይሰጠዋል፤ በአራቱ አሥር ያርድ ካልገፋ ኳሱን ያስረክባል። አሥሩን ያርድ የሚለካው በእኔና በአያቴ ዘንጎች መካከል የታሰረው ሰንሰለት ነው። ስንተኛው ሙከራ እንደሆነ የሚያሳየው ደግሞ አባትህ የሚይዙት ዘንግ አናት ላይ ያለው ቁጥር ነው፤ ከአንድ እስከ አራት እየገለበጡ። አባትህ በሕይወታቸው ከተናገሩት አብዛኛውን የተናገሩት በዚያ ቁጥር ይመስለኛል።

ሰንሰለት ያዥ ማጨብጨብ፣ መጮህ፣ መደሰት ክልክል ነው። ይህን ሕግ ያወጣው ሰው መጀመሪያ እኛ ቤት እራት በልቶ መሆን አለበት። የምንቆመውም በተጋጣሚው ወገን ስለሆነ ስድቡን የምንጠጣው እኛ ነን። አንዱ ተቀያሪ ተጫዋች አያቴን «አባባ፣ ሰንሰለቱ ከየትኛው እስር ቤት ነው ያመለጠው?» አላቸው። አያቴ ብዙ አሰቡ። ከእረፍት መልስ ዞር ብለው «አያትህ ካለበት» አሉት። ልጁ መጠየቁንም ረስቶት ነበር።

እስቲ ባለ ካንጋሮ ቴምብር ላክልኝ። አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅህ፤ ለምንድን ነው የማትመጣው? እናቴን ብጠይቃት «ስንዴ ሊያጭድ ሄደ» አለችኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ? ምን ዓይነት ስንዴ ነው?

አክባሪህ (ሞክሬያለሁ)፣
ማሪት


ዋንጋሪን፣ ምዕራብ አውስትራሊያ
ሴፕቴምበር 22 ቀን 1986

ለማሪት፣

ጤና ይስጥሽ። ለእናትሽ፣ ለአጎቴ ለሃልቮርና ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ። እኔ ደህና ነኝ።

እዚህ ፀደይ ነው። ስንዴው ገና አረንጓዴ ነው፤ በሚቀጥለው ወር ማጨድ እንጀምራለን። አራት ሆነን እንሠራለን። አሜሪካዊ ስለሆንኩ «ያንኪ» ይሉኛል፤ ስሜን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው።

የበላሽው ማስቲካ የሦስት ዓመት ነው። ሆድሽን እንዴት አደረገሽ? የካፖርቱ ግራ ኪስ ቀዳዳ ስለሆነ እጅሽን በቀኙ ብቻ አስገቢ። ዘንጉን ከታች አትያዢው፤ ነፋስ ሲመጣ ይገለብጥሻል።

ቴምብር ልኬያለሁ። ሁለት ናቸው፣ አንዱ ትንሽ ተቀዷል።

ለጠየቅሽኝ ነገር፦ የዚህ አገር ማሳ ሰፊ ነው።

የዝይዎቹን ውጤት በየጊዜው ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል። የአየሩንም ሁኔታ። አባቴ ያን ሰማያዊ ኮፍያ አሁንም ያደርገዋል? እንዲያው ለመጠየቅ ያህል ነው።

ሌላንድ


ዊትኮም፣ ሰሜን ዳኮታ
ኦክቶበር 6 ቀን 1986

ለአጎቴ ለሌላንድ፣ የሰፊ ማሳ ጌታ፣

ሰላምታዬ ከነፋሱ ቀድሞ ይድረስህ። አየሩን ስለጠየቅህ ነፋስ ነው። ትናንትም ነፋስ ነበር። ነገም ነፋስ ነው። የአየሩ ጉዳይ በዚህ ተጠናቋል።

ውጤት! ዝይዎቹ አምስት ተጫውተው አምስቱንም አሸነፉ፤ እናቴ ከተወለደች ወዲህ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ከተማው አብዷል። ዳቦ ቤቱ በዝይ ቅርጽ ይጋግራል፤ አንገቱ ይሰበራል እንጂ ጥሩ ነው። ጸጉር አስተካካዩ መኪና ባለፈ ቁጥር እንደ ዝይ ይጮሃል። ፓስተሩ እንኳ ባለፈው እሑድ ክንፍ ስለሚያወጡ ሰዎች ሰበኩ። ሁሉን ካሸነፍን ለአገር አቀፉ ዋንጫ እንጠራለን ይላሉ።

ችግሩ አዲሱ የስፖርት ኃላፊ ነው። ወጣት ነው፤ ጫማው ያብረቀርቃል። ለሰንሰለቱ ሥራ አንድ ዓይነት ጃኬት የለበሱ ተማሪዎች ማቆም ይፈልጋል። ባለፈው ሳምንት መጥቶ፣

«ክቡራን፣ ትንሽ እንዘምን» አላቸው።

«ሰንሰለት ምኑ ይዘመናል?» አሉ አያቴ።

«ዕድሜአችሁን አስቤ ነው። አንዲት ስህተት ብትፈጠር…»

«እስካሁን ስንት ተፈጠረች?»

«አልተፈጠረችም። ግን አንዲት ብትፈጠር ተማሪዎቹን አስገባለሁ።»

አባትህ ጓንታቸውን አወለቁ። ዘንጋቸውን በመዳፋቸው ጠረጉት፤ የሕፃን አፍንጫ እንደሚጠረግ። ያን ዘንግ ከጦርነት ከተመለሱ ጀምሮ ነው የያዙት። ከእጃቸው ቢወስዱባቸው ቅዳሜ ምን ያደርጋሉ ብዬ አሰብኩና ምንም አልመጣልኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚያደርጉትንም አላውቅም። ቁርስ ቤቱ ውስጥ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣሉ፣ እንቁላላቸውን ይበላሉ፣ ይሄዳሉ። ቤታቸው ማታ አንድ መብራት ብቻ ነው ያለው፤ እሱም የወጥ ቤቱ።

ሰማያዊው ኮፍያ አለ። ቀለሙ ሰማያዊ መሆኑን ግን በእምነት ነው የምንቀበለው። ያንተ ቀይ ፒክአፕም መጋዘኑ ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆሟል፤ ዶሮዎች ጣሪያው ላይ ይተኛሉ። መንጃ ፈቃድ ስላወጣሁ «ላስነሳው?» ብላቸው «አይነካም» አሉ። አንድ ቃል። ለሳቸው ንግግር ነው።

አንድ የሚገርመኝ ነገር ልንገርህና ላብቃ። አባትህ ቁጥሩን ከመገልበጣቸው በፊት ሁልጊዜ ወደ እኔ ያያሉ። አፍንጫዬ ላይ የሆነ ነገር ያለ እየመሰለኝ አንገቴን ደፍቼ በእጅጌዬ እጠርገዋለሁ። ያኔ ይገለብጣሉ። ያንተ ካፖርት እጅጌ ምን እንደሆነ ባታየው ይሻልሃል። ምንድን ነው የሚያዩት?

የአጎትህ የልጅ ልጅ የሆንኩት፣
ማሪት

ተጨማሪ፦ ቴምብሮቹን አያቴ ወሰዱብኝ። የተቀደደውን መለሱልኝ።


ዋንጋሪን
ኦክቶበር 17 ቀን 1986

ለማሪት፣

እግዚአብሔር እናንተንም ዝይዎቹንም ይጠብቅ። አምስት በአምስት! እዚህ የምነግረው ሰው ባጣ ለአለቃዬ ውሻ ነገርኩት።

ማጨድ ጀምረናል። ሙቀቱና ዝንቡ አንድ ላይ ነው የመጡት። እናንተ ስትጫወቱ እኔ ተኝቻለሁ፤ ስነቃ አልቋል። ያሸነፋችሁትን የምሰማው ደብዳቤሽ ሲመጣ ነው፤ ደስታው እንደ ከረመ ዳቦ ደርቆ ይደርሰኛል። ግን እበላዋለሁ።

ዶሮዎቹን ከፒክአፑ ላይ አውርጂልኝ። ወይም ተያቸው።

አባቴ ምሳ የሚበላው የት ነው? እሑድስ?

የሚያየው አፍንጫሽን አይደለም። በእኔና በእሱ መካከል የነበረ ነገር አለ፤ ረጅም ነው። ማጨጃውን አስነስተው እየጠሩኝ ነው። በሚቀጥለው እጽፍልሻለሁ።

ሌላንድ


ዊትኮም
ኦክቶበር 20 ቀን 1986

አጎቴ ሌላንድ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ዛሬ ሰላምታዬ አጭር ነው፤ ካፖርቴ ቁልፍ የለውም።

ቅዳሜ የቀድሞ ተማሪዎች ከያሉበት የሚመለሱበት ጨዋታ ነበር። ከተማው ጢም ብሏል። ብርዱ የጉድ ስለነበር ሻርቤን እስከ ዓይኔ ጠምጥሜ፣ እግሬን እያነሳሁ እጥላለሁ። ተጋጣሚያችን የግራንት ሌክ ኮሌጅ በአራት ነጥብ ይመራናል። ጨዋታው ሊያልቅ ነው። ኳሱ የእኛ ነው፤ ሁለተኛውን ሙከራ ሞከሩ፣ ትንሽ ገፉ። ወዲያው አንድ ልጅ ተጎዳና ሐኪም ገባ፣ ብዙ ቆየን። እውነተኞቹ ዝይዎች በላያችን ወደ ደቡብ ያልፉ ነበር፤ እኔ እነሱን አያለሁ። ዞር ስል አባትህ ወደ እኔ እያዩ ነው። አፍንጫዬን እንዳልጠርግ በሻርብ ታስሯል። ዝም አልኳቸው። እሳቸውም ቆሙ።

ቁጥሩ «2» ላይ ቀረ።

ከዚያ የተሞከረው ሦስተኛው ነበር፤ የአባትህ ዘንግ ግን «2» ይላል። ቀጥሎ «3»። ቀጥሎ «4»። ኪሴ ውስጥ በጣቴ ስቆጥር አውራ ጣቴም ገባ። ዳኞቹ ቁጥሩን አይተው አለፉ። በዚያች በመጨረሻዋ፣ ልትኖር በማይገባት ሙከራ፣ ዝይዎቹ ኳሱን ከመስመሩ አሻገሩና አሸነፍን። ሕዝቡ ሜዳውን ሞላው። ያ ሁሉ ሰው እንደ ዝይ ሲጮህ አባትህ ብቻቸውን ቆመው ከዘንጋቸው አናት ላይ ያለውን ቁጥር ቀና ብለው ያያሉ፤ ሰው የማያውቀውን ሰዓት እንደሚያይ።

በመኪና ስንመለስ ሦስታችንም ዝም አልን። አያቴ ያዩ አይመስለኝም፤ ዝም ያሉት በልማድ ነው።

እሑድ በቤተ ክርስቲያን ፓስተሩ ስለ ድሉ ምስጋና አቀረቡ። አባትህ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። በሕይወቴ ቆመው ሲናገሩ አይቻቸው አላውቅም።

«አምስት ነበር» አሉ።

«ምኑ ነው አምስት፣ ኦርቪል?» አሉ ፓስተሩ።

«ሙከራው።»

ተቀመጡ። ያን ያህል ጸጥታ በዚያ ቤት ሰምቼ አላውቅም፤ በጸሎት ሰዓት እንኳ የሚያስል አለ።

ኦክቶበር 22

ደብዳቤውን ሳልልከው ነገሩ ባሰ። አባትህ ሰኞ ጠዋት ኮሌጁ ድረስ ሄደው ያንኑ አንድ ቃል ደገሙት። የኮሌጁ ፕሬዚዳንት የጨዋታውን ፊልም አስመጥተው ቆጠሩ፣ ለግራንት ሌክ ደውለው ድሉን አስረከቡ። ዋንጫው ቀረ። ባለ ጫማው ኃላፊ ዘንጉን ለተማሪዎች ሊሰጥ ነው።

አሁን ማንም አባትህን አያናግራቸውም። «ድሮስ ማን ያናግራቸው ነበር?» ትለኝ ይሆናል። ልዩነት አለው! ድሮ ዝም የሚሉት እሳቸው ነበሩ፤ አሁን ዝም የሚሏቸው ሌሎች ናቸው። ቁርስ ቤቱ ውስጥ አጠገባቸው ያሉት ሰዎች ሰሃናቸውን ይዘው ተነሱ። ሁለት እንቁላል አዘዙ፣ አምስት መጣላቸው። አብሳዩ ከውስጥ «ተሳሳትኩ እንዴ ኦርቪል? ቁጠርልኝ እስቲ!» ብሎ ጮኸ፣ ሰው ሳቀ። አምስቱንም በሉ። የአምስቱንም ከፍለው ወጡ።

ትናንት ዘንጉን አምጥተው በራችን ላይ አስደግፈው ሄዱ። አላንኳኩም። እናቴ ስትከፍት ወደቀባት።

የእኔ ጥፋት ነው? ምን ማድረግ ነበረብኝ? ምን ነበር የሚጠብቁት? የመጨረሻው ጨዋታ ኖቬምበር 15 ነው። ና። መምጣት ካልቻልክ ያን ረጅም ነገር ጻፍልኝ። አንተም እንደ እነሱ ዝም እንዳትለኝ!

ማሪት


ዋንጋሪን
ኖቬምበር 1 ቀን 1986

ለማሪት፣

ባለሽበት ሰላም ይስጥሽ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ይህን ከሁሉ በፊት አንብቢው፣ ከዚያ ሁለተኛ አንብቢው።

ዘንጉን መጀመሪያ የያዝኩት ባንቺ ዕድሜ ነው። በዚያ ዓመት አባቴ አንድ ጊዜ ቁጥሩን ቀድሞ ገለበጠና ዳኛው ተቆጣው። ለማንም አላወራም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ከመገልበጡ በፊት ወደ እኔ አየ። እኔም ስቆጥር ስለነበር አገጬን አንድ ጊዜ ዝቅ አደረግሁለት። ገለበጠ። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ እንዲያ ሆነ። እሱ ይቆጥራል፣ እኔ እቆጥራለሁ፤ ሲገጥም አገጬን ዝቅ አደርጋለሁ። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም። ላንቺም ያልነገረሽ ለዚህ ነው፤ የሚነገር ነገር መሆኑን አያውቅም። አፍንጫሽን ስትጠርጊ አገጭሽ ዝቅ ይላል። እሺ ያልሽው መስሎታል።

እናቴ ከሞተች በኋላ እሱና እኔ በዚያ ቤት ሁለት ዓመት ኖርን። ጠረጴዛው ላይ የሚሰማው የሹካ ድምፅ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ደጋግመን እንተያይና እንስማማ ነበር። ለኔ የሳምንቱ ወሬ እሱ ነበር። ክረምት ሲገባና ጨዋታው ሲያልቅ እሱም ያበቃል።

ለምን እንደማልመጣ ጠይቀሽኝ ነበር። አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ «አውስትራሊያ ሄጄ ልሠራ ነው» አልኩት። ቡናውን ጨረሰና «የመኪናውን ዘይት አየኸው?» አለኝ። ሌላ ነገር ይጨምራል ብዬ ጠበቅሁ። አልጨመረም። ወጥቼ ዘይቱን አየሁት፤ ሙሉ ነበር። ሄድኩ። «አትሂድ» ቢለኝ እቀር ነበር። «ተመለስ» ቢለኝ በመጀመሪያው የገና በዓል እመለስ ነበር። ስላላለኝ ይኸው ለውሻ ስለ ዝይ አወራለሁ።

ለ15ኛው አልደርስም፤ ስንዴው ግማሽ ላይ ነው። ብደርስስ ማን ጠራኝ?

አንቺ ግን ይህን አድርጊ። ሻርቡን ከአገጭሽ በታች እሠሪው። ኳሱ መሬት ላይ እስኪቀመጥ ጠብቂ። ዓይኑን እዪው። አገጭሽን አንድ ጊዜ ዝቅ። ሁለት ጊዜ አይደለም። አትሳቂ። በተለይ አትናገሪ፤ ይከብድሻል፣ አውቃለሁ።

ሌላንድ


ዊትኮም
ኖቬምበር 16 ቀን 1986

ለአጎቴ ለሌላንድ፣

ሰላምታዬ በበረዶ ላይ ተንሸራቶ ይድረስህ። ደብዳቤህ የደረሰኝ ሐሙስ ነው። ፖስተኛው ቴምብሩን ሊለምነኝ ቆሞ ሳለ በሩ ላይ አነበብኩት። ጥፋቱ የእኔ አይደለም የሚለውን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሦስተኛም ጨምሬያለሁ፤ በዚህ ከተማ ከተፈቀደው በላይ መቁጠር ተለምዷል።

ለካ በዚያው ሰሞን ለመጨረሻው ጨዋታ የተመደቡት ዋና ዳኛ ለባለ ጫማው ደውለው ኖሯል። «ሰንሰለቱን ተማሪዎች ይይዙታል» ቢላቸው «‹አምስት ነበር› ያለው ሰውዬ ሞቷል?» አሉት። «አልሞተም።» «እንግዲያው እሱን አቁምልኝ። ከሱ ሌላ ቁጥር አላምንም።» ይህን የነገረችኝ የኃላፊው ጸሐፊ ናት፤ እየነገረችኝ በደስታ ፊቷ ቀላ።

አያቴ ይህን ሊነግሯቸው ሄዱ። ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ቡና ጠጥተው ተመለሱ። «ምን አሉ?» ብላቸው «አልነገርኩትም» አሉ። «ለምን?» «አልጠየቀኝም።» ሁለቱን ሽማግሌዎች እስኪናገሩ ድረስ በሰንሰለቱ አንድ ላይ ባስራቸው እወድ ነበር።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ዘንጉን ተሸክሜ እኔው ሄድኩ። አባትህ ደጃፋቸው ላይ በረዶ ይዝቃሉ። ሻርቤን ከአገጬ በታች አሰርኩ። ዘንጉን ፊታቸው አቆምኩት። አካፋውን ይዘው ቀና አሉ። ምላሴ ላይ ስንት ነገር እንደነበረ እግዚአብሔር ያውቃል! ዋጥኩት። ዓይናቸውን አይቼ አገጬን አንድ ጊዜ ዝቅ አደረግሁ።

ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ካፖርቱን አዩ። እንደገና እኔን አዩ። ፊታቸው ላይ የሆነውን ልጽፍልህ አልችልም፤ ዓይኔን ወደ አካፋው ዞር አድርጌ ነበር።

«ኮፍያዬን ላምጣ» አሉ።

ሜዳው ግማሽ ባዶ ነበር። በረዶው ዳር መስመሩን በላው። የመጡትም ሰዎች አብዛኞቹ ገና ኩርፊያ ላይ ናቸው፤ አብሳዩ «አራት ነው ኦርቪል፣ አራት!» እያለ ሲጮህ ዋለ። እኛ ግን በእያንዳንዱ ሙከራ ተያየን። ኳሱ ይቀመጣል፤ ያዩኛል፤ አገጬን ዝቅ አደርጋለሁ፤ ቁጥሩ ይገለበጣል። አንድ ጊዜ እንኳ አልሳቅሁም፣ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። በሕይወቴ እንዲህ ብዙ ያወራሁበትን ቀን አላስታውስም። ያኔ አንተ ቅዳሜ ቅዳሜ ምን እንደነበረህ ገባኝ። ዓመቱን ሙሉ ደግሞ ምን እንዳጣህ ገባኝ።

ተሸነፍን። ዝይዎቹ ኳሷን እንደ ትኩስ ድንች ይጥሏት ነበር።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ሰንሰለቱን ጠቀለልን። አባትህ ቁጥሩን ወደ «1» መልሰው ዘንጉን ዕቃ ቤት አስቀመጡ፤ ለሚመጣው ዓመት። ባለ ጫማው በአጠገባቸው አለፈ፣ ምንም አላለም። እሱም እየተማረ ነው። ከዚያ መኪናው ጋ ስንደርስ ወደ እኔ ዞሩ።

«ማን አሳየሽ?»

«ሌላንድ ጽፎልኝ።»

«ይጽፋል?»

«ለኔ ይጽፋል።»

ዝም አሉ። እንደ ሁልጊዜው ዝም አይደለም፤ ሰው ከባድ ነገር ሊያነሳ ጉልበቱን ሲያጥፍ ዝም እንደሚለው። ቤታቸው ስንደርስ በሩን ከፍተው ገቡ፤ «ግቢ» ስላላሉኝ ውጭ ቆምኩ፤ ስላልወጡም ብርዱን እየረገምኩ ጠበቅሁ። ከመጋዘኑ በኩል የሆነ ድምፅ ሰማሁ፤ ዶሮዎቹ እየጮሁ በበረዶው ላይ ሲበተኑ አየሁ። ብዙ ቆይተው በጓሮ በኩል ዞረው መጡ። እጃቸው እስከ ክርናቸው ጥቁር ነው። የእህል ዘር መደብሩ ካደለው የቀን መቁጠሪያ ላይ የቀደዷትን ወረቀት ሰጡኝ። «ለሱ» አሉኝ። አጠገቤ ቆመው ሳጥፋት አዩ፤ ኪሴ ውስጥ በያዝኩት ያንተ ፖስታ ውስጥ ሳስገባት አዩ፤ አገጫቸውን አንድ ጊዜ ዝቅ አደረጉ።

በመንገድ ላይ አውጥቼ አነበብኳት፤ ይቅርታ፣ ማስቲካህንም የበላሁት እኔ ነኝ። ሙሉ ስማቸውን ፈርመዋል፤ ለባንክ የሚጽፉ መስሏቸዋል። አትሳቅባቸው። ይኸው፦

*ሌላንድ፣*

*በረዶ ጥሏል። ተሸነፍን። ልጅቷ ደህና ናት፣ ትንሽ ትቸኩላለች።*

*የመኪናህን ዘይት ቀይሬዋለሁ። አስነስቼው ነበር፣ በአንድ ጊዜ ይነሳል።*

*ኦርቪል ትቬት*